አሥራ አራት ገጽ የዋስትና ወረቀት

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን የምታነቡትን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። በእጄ ጻፍኩት፣ ልጄ ኮምፒውተር ላይ ገለበጠችው፤ አንድ ቃል አልጨመረችም። ለጉራ ብዬ አይደለም። እስከ አርባ ስድስት ዓመቴ ድረስ ስሜን እንኳ የምጽፈው እንደ ሥዕል ነበር። የትኛው ፊደል ምን እንደሚል ሳላውቅ እጄ የለመደውን መስመር ይሠራል። ስለዚህ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ። ካልታገሣችሁም መብታችሁ ነው።

ስሜ ታደሰ ይባላል። ያደግኩት ኮምቦልቻ፣ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ስፈታና ስገጥም ነው። ትምህርት ቤት የሚባለውን የማውቀው በአጥሩ በኩል ነው። በሱዳን አድርጌ ቶሮንቶ ከገባሁ ሃያ አምስት ዓመት አልፎኛል። የምሠራው የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ፋብሪካ ነው፤ የምኖረው ስካርቦሮ አፓርታማ ውስጥ ነው። ሰው መራራ ነህ ይለኛል። ነኝ። የመረርኩበትን ምክንያት ግን ለዓመታት ተሳስቼ ይዤው ኖርኩ፤ የምነግራችሁም እሱን ነው።

ማንበብ የማይችል ሰው ብልሃት አያጣም። የእኔ ብልሃት ባዶ የመነጽር ቤት ነበር። ሁልጊዜ ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ወረቀት ሲሰጡኝ ኪሴን መታ መታ አደርጋለሁ፣ የመነጽር ቤቱን አወጣለሁ፣ እከፍታለሁ፣ ባዶ መሆኑን አይቼ «ውይ፣ መነጽሬን ረሳሁ» እላለሁ። ሐኪም ቤት ብዬዋለሁ፤ ሥራ ልቀጠር ስሄድ ብዬዋለሁ፤ የልጄ አስተማሪ ፊት ብዬዋለሁ። አንድም ሰው አልተጠራጠረኝም። ዓይኔ እኮ ያኔ ከጭልፊት ዓይን አያንስም ነበር።

ቤት ውስጥ ብልሃት አያስፈልገኝም። ባለቤቴ ሰናይት ታነብልኝ ነበር። ልጃችን ቤዛ ስድስት ዓመት ሲሆናት ሰናይት ታማ አረፈች። ከዚያ በኋላ የቤቱ አንባቢ ቤዛ ሆነች። የመብራት ቢል፣ የአከራዩ ማስጠንቀቂያ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ሁሉን እሷ ታነባለች፤ እኔ እሰማለሁ። እዚህ አገር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ስንቱን ቤት የሚያስተዳድረው የአሥር ዓመት ልጅ ነው። እኔ ደግሞ እኮራባት ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «የእኔ ልጅ የማታውቀው እንግሊዝኛ የለም» እላለሁ።

አሰግድ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ነው የሠራነው፤ እዚህም ተገናኘን፤ ለሰናይትም እንደ ወንድም ነበር። ቤዛ አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ አሰግድ የጭነት መኪና በብድር ሊገዛ ሆነ፤ ዋስ አምጣ አሉት። ወረቀቱን ይዞ ቤቴ መጣ። «ቤዛ ታንብበው» አለ። ቤዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አነበበችልን። አሰግድ ሶፋው ጫፍ ላይ ሆኖ አንገቱን አስግጎ ሲያዳምጥ እስካሁን ይታየኛል። ያኔ ቸኩሎ ነው የመሰለኝ። ስታበቃ ፈረምኩ።

እኔ በማውቀው ወግ ዋስ ማለት ሰውየው ሲጠፋ ፈልጎ የሚያቀርበው ነው። አሰግድን ደግሞ የትም ቢደበቅ አገኘዋለሁ፤ ምን አስጨነቀኝ? የዚህ አገር ወረቀት ግን ሰውየውን አምጣ አይልም፤ ክፈል ነው የሚለው። ዓመት ሳይሞላ የመኪናው ሞተር ተቃጠለ፣ አሰግድ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር፣ ወደ አልበርታ ሄደ፣ ባንኩ እኔን ያዘኝ። አምስት ዓመት ሁለት ሽፍት እየሠራሁ ከፈልኩ። ቤዛ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እኔ የለሁም፤ ስትተኛም የለሁም።

አሰግድ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ሽማግሌ ላከብኝ። ፖስታ ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። ሳልከፍት መለስኳቸው። ብሩን ብቀበለው ጥላቻዬን በምን ላቆየው ነው? እንዲህ ነበርኩ። እያወቀ አታለለኝ፣ እንግሊዝኛ አለማወቄን አይቶ ተጫወተብኝ ብዬ ደመደምኩ። ፊደል የቆጠርኩትም በዚሁ ንዴት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ጎልማሶችን ያስተምሩ ነበር። ከእሳቸው አማርኛውን፣ ቀጥሎ ከሰፈራችን ላይብረሪ እንግሊዝኛውን ተማርኩ። ለራሴም አንድ ነገር ማልኩ፤ ከእንግዲህ አንብቤ ያልጨረስኩት ወረቀት ላይ እጄ አያርፍም።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ።

ቤዛ አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ተቀበላት። ደብዳቤውን ራሴ አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ። ደስታው አንድ ሳምንት ቆየ፤ ከዚያ ክፍያው መጣ። ለመንግሥት የተማሪ ብድር አመልክታ ነበር፤ መልሱ ዘግይቶ ደረሰና ተፈቅዷል አለ፤ ግን ጣሪያ አለው። ያ ጣሪያ ለሌላ ቤት የተሠራ ነው። ለጥርስ ሐኪም ትምህርት ሲመጣ ከጉልበት በላይ አይደርስም። ለቀረው ባንክ ሂጂ ተባለች። ባንኮች ሐኪም፣ ጥርስ ሐኪም፣ ጠበቃ ለሚሆኑ ተማሪዎች ለብቻ የሚሰጡት ብድር አለ። እሱም ጣሪያ አለው። ጣሪያውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ደግሞ ከኋላሽ ማን ቆሟል የሚለው ነው።

መቀመጫዋን የሚያስይዘው የመጀመሪያ ክፍያ ዓርብ ሥራ እስኪዘጋ መግባት ነበረበት። ካልገባ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ ይሰጣል። ባንክ የሄድነው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። መኪና ውስጥ ቤዛ «አባዬ፣ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ዝም ብለህ ሳይን ታደርጋለህ» አለችኝ። እኔም አነባለሁ አልኳት። «አሥራ አራት ገጽ ነው እኮ!» አለች። አሥራ አራቱንም አነባለሁ አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የባንኩ ሠራተኛ ሻሚላ ትባላለች፤ ደግ ሴት ናት። ወረቀቱን ፊቴ ዘርግታ በብዕሯ ጫፍ የፊርማውን ቦታ አሳየችኝ፤ እዚህ፣ እዚህና እዚህ። ከደረት ኪሴ መነጽሬን አወጣሁ። አሁን የመነጽር ቤቱ ባዶ አይደለም፤ ዕድሜ ራሱ ሞላልኝ። ጣቴን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አስቀመጥኩና ጀመርኩ።

ሰው ሲያነብ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሻሚላ ውኃ አመጣችልኝ። አምስተኛው ላይ ቤዛ ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካችኝና «አባዬ፣ ፕሊስ» አለች። ያልገባኝን ቃል ሻሚላን እጠይቃለሁ፤ ታስረዳኛለች። ሁለት ጊዜ እሷም ራሷ ወረቀቱን አዙራ ማየት ነበረባት። አላሾፍኩባትም። ማን ያነበዋል ይሄን?

ስድስተኛው ገጽ ላይ የብድሩ ወሰን ተጽፏል። አነበብኩት፣ ተመልሼም አነበብኩት። የቤዛ ትምህርት አራት ዓመት ነው። በእኔ ደመወዝ፣ በእኔ ዋስትና ባንኩ የሚፈቅደው፣ የመንግሥቱም ተጨምሮበት፣ ሁለት ዓመት ተኩል ቢያደርስ ነው።

«የቀረውስ?» አልኳት ሻሚላን።

«ያኔ እንደገና ማመልከት ይቻላል።»

«ያኔ እምቢ ብትሉስ?»

ሻሚላ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። ባንኩ ቃል አይገባም አለች። ይህን ስትል ዓይኔን አይታ ነው፤ ለዚህ አከብራታለሁ።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ተምራ ብታቋርጥ ግማሽ ጥርስ ሐኪም አትሆንም። እንዲህ የሚባል ሰው የለም። ፈቃድ የላትም፣ ሥራ የላትም፣ ዕዳው ግን ሙሉ ነው። ይህን ለቤዛ ነገርኳት። ለካ እሷ ቀድማ ታውቀዋለች። «መፍትሔ አለው፤ ዝም ብለህ ፈርም፤ የቀረውን እኔ ጨርሼዋለሁ» አለችኝ፤ ቶሎ ቶሎ፣ ወደ ሻሚላ እያየች። ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ሸተተኝ። ማንበቤን ቀጠልኩ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ አንደኛ ዋስ፣ ሁለተኛ ዋስ። በአንደኛው ሥር የእኔ ስም። በሁለተኛው ሥር አንድ ሌላ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አሰግድ ይላል።

ልጄ እዚያ ገጽ ላይ እደርሳለሁ ብላ በሕልሟም አላሰበችም። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያነበበችልኝ ልጅ ናት፤ ማንበብ መቻሌን በአእምሮዋ ብታውቀውም ልቧ ገና አላመነም። ሻሚላ የተደበቀብኝን ነገር አላወቀችም፤ ጥሩ ዜና የምትነግረኝ መስሏት፣ ሰውየው የራሱ ቤትና ሁለት የጭነት መኪና ስላለው እሱ ሁለተኛ ዋስ ከሆነ ወሰኑ አራቱን ዓመት ይሸፍናል፣ ሰውየው ግን የሚፈርመው አባቷ ከተስማማ ብቻ ነው ብሏል አለችኝ።

መነጽሬን አወለቅኩ። ወደ መነጽር ቤቱ መለስኩት። «አልፈርምም» አልኩና ተነሥቼ ወጣሁ።

መኪናው ውስጥ ቁልፉን አስገብቼ አላስነሣሁትም። ቤዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። ከእኔ ነው የወሰደችው፤ ሲመራት ደረቅ ትሆናለች። ያን ሰው ደጁ ድረስ ሄደሽ ለመንሽው ወይ አልኳት። አዎ አለች። ምን እንዳደረገኝ ታውቂያለሽ አልኳት። የእሱን ቤት፣ የእሱን መኪናዎች፣ የእኔን አምስት ዓመት፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ያወጣሁት ቃል ሁሉ አይጻፍም።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ ያንን ወረቀት ያነበብኩልህ እኔ ነኝ» አለች።

አውቃለሁ አልኳት።

«አታውቅም። አላነበብኩትም። የመጀመሪያውን ገጽና የመጨረሻውን ነው ያነበብኩልህ። መሐሉ ትንንሽ ፊደል ነበር፤ አንድ ገጽ ሞከርኩት፣ አልገባኝም። አንተ ሌላስ ምን ይላል አልከኝ፤ ያው ነው፣ ሴም ቲንግ ነው አልኩህ።»

«ለምን አልገባኝም አላልሽኝም?»

«ጋሼ አሰግድ እየሰሙ? የማታውቀው እንግሊዝኛ የለም ብለህ ለሰው ሁሉ ስትናገር? አፈርኩ።»

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ እኔ ሁለተኛ ሽፍት ላይ ሳለሁ፣ መሳቢያ ውስጥ ያ የድሮ ወረቀት አግኝታ አነበበችው አለችኝ። ያን ቀን ገባት። መሐሉ ላይ፣ የዘለለችው ገጽ ላይ፣ ዋሱ ዕዳውን በሙሉ እንደሚከፍል በግልጽ ተጽፏል። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ብቻዋን ይዛው ኖረች። እኔ አሰግድን በረገምኩ ቁጥር እሷ ከወጥ ሳህኑ ላይ ቀና አትልም ነበር፤ የእናቷን ጓደኛ ስለምትወደው ነው ብዬ እናደድባት ነበር። እሱ ዘንድ የሄደችውም ለዚህ ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ መለመንም የእኔ ነው ብላ።

ያን ጊዜ ምን አልኳት መሰላችሁ? ጥሩ አባት የሚለውን ነገር አላልኩም። ከፊታችን አንድ አሮጊት የገበያ ጋሪ እየገፉ አለፉ። ከዚያ፣

«ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የጭነት መኪና ብድር የሚያስነብብ ሰው ምን ይባላል?» አልኩ። እሷን አልነበረም የጠየቅኩት።

«አባዬ ነው የሚባለው» አለችኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን ከእሷ ተቀበልኩ። ጠራ። የሞተር ድምፅ መጣ፤ መንገድ ላይ ነው።

«ታደሰ ነኝ» አልኩ።

የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ፤ ዳር ይዞ የቆመ መሰለኝ። «አውቄሃለሁ» አለ።

«ልጅቷ የለመነችህን ሰምቻለሁ።»

«እሺ።»

«ለእኔ ብለህ እንዳይሆን።»

«ለአንተማ ብሎ ማን ይፈርማል? ለሰናይት ልጅ ነው» አለ። የቀድሞ ምላሱ አለች። ነገ ባንኩ ሲከፈት ና አልኩት፤ እሺ አለ፣ ዘጋሁት። መኪናውን አስነሣሁ።

ዓርብ ጠዋት ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከሬክስዴል ድረስ ነድቶ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ኮት ለብሷል፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ሲራመድ አንድ እግሩን ይጎትታል። ቤዛን ሳማት። እኔን ጨበጠኝ። «ወፈርክ» አለኝ። «አረጀህ» አልኩት። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተን የተለዋወጥነው ሰላምታ ይኸው ነው።

ሻሚላ አሥራ አራቱን ገጽ ፊቱ ዘረጋችለት። አሰግድ ወረቀቱን አየት አደረገው። ቀጥሎ ኮቱን ከፈተ፣ የደረት ኪሱን መታ መታ አደረገ፣ የጎኑንም ኪስ ነካ።

«ውይ፣ መነጽሬን መኪና ውስጥ ረሳሁት። ግድ የለም፤ የት ነው የምፈርመው?» አለ።

እኔ እዚያ ወንበር ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ያንን የእጅ እንቅስቃሴ በዓለም ላይ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ኪስ የሚመታ ሰው መነጽር ሲፈልግ እንዴት እንደሚመታ፣ ሳይፈልግ እንዴት እንደሚመታ አውቃለሁ። ሲፈልግ ዓይኑ ይንከራተታል። ሳይፈልግ ዓይኑ የሚያየው ወረቀቱን የሰጠውን ሰው ፊት ነው፤ አመነኝ ወይስ አላመነኝም ብሎ። አሰግድ የሚያየው ሻሚላን ነበር።

ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። ሶፋዬ ጫፍ ላይ አንገቱን አስግጎ ያዳምጥ የነበረው ሰው። ቸኩሎ አልነበረም። ወረቀቱን ወደ ቤቴ ያመጣው እኔን ሊያስፈርም ብቻ አልነበረም፤ ልጄ ለእሱም እንድታነብለት ነበር። ጋራዡ ውስጥ እኩል ነው የተደበቅነው፤ ሁለታችንም እኩል ስናፍር ኖረን፣ እርስ በርስ እንኳ ተደባብቀናል። የመንገድ ምልክትና ቁጥር አንብቦ መኪና መንዳት ሌላ ነው፤ አሥራ አራት ገጽ ሌላ ነው። እያወቀ አታለለኝ ብዬ የጠላሁት ሰው ምን እንደፈረመ አያውቅም ነበር። እሱ ማንበብ አልቻለም፣ እኔ ማንበብ አልቻልኩም፣ ያነበበችልን የአሥራ አንድ ዓመት ሕፃን ናት።

ብዕሩን ከሻሚላ እጅ ሊቀበል ሲዘረጋ ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብኩት።

«ቆይ። ትናንት በደንብ አልገባኝም ነበር። ደግሜ ላንብበው፤ አንተም አብረህ ብትሰማኝ ይሻላል» አልኩት።

አየኝ። እኔም አየሁት። እኔም ለዓመታት ያን ባዶ የመነጽር ቤት እንደተሸከምኩ ያን ጊዜ ሳይገባው አልቀረም፤ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ተፈታ። «አንብበው እስቲ» አለ ቀስ ብሎ፣ ወንበሩን ወደ እኔ እየሳበ።

አነበብኩለት። እያንዳንዱን አንቀጽ በእንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ከዚያ በአማርኛ እነግረዋለሁ። ሻሚላ ሌላ ቀጠሮዋን ለሥራ ባልደረባዋ ሰጠች። ቤዛ አንዴ ልታርመኝ አፏን ከፈተችና ተወችው። ምንም አላለሰልስኩለትም። ልጄ ናት፣ መቀመጫዋ በዚያ ሰዓት እየተቆጠረ ነው፤ መጥፎውን ገጽ ቶሎ ማለፍ እችል ነበር። ያው ነው ማለት እችል ነበር። እንደዚያ አንድ ጊዜ ተብሎ ምን እንዳመጣ ስለማውቅ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስደርስ እንዲያውም ዝግ አልኩ።

«እዚህ ላይ፣ ልጅቷ ብታቋርጥ፣ ብትታመም፣ ብትሞትም እንኳ ሙሉ ዕዳውን ከእኔና ከአንተ ይጠይቃሉ ይላል። እኔ መክፈል ቢያቅተኝ የእኔንም ድርሻ አንተ ትከፍላለህ።»

«ብትሞትም?»

«ብትሞትም።»

ቤዛን አያት። ወዲያው ዓይኑን መለሰ። መዳፉን ጉልበቱ ላይ እያሸ ቆየና፣

«ይህ ነገር በዚያኛውም ወረቀት ላይ ነበረ?» አለኝ።

«ነበረ።»

«አላወቅኩም ነበር፣ ታዴ።»

«እኔም አላወቅኩም።»

ከሰናይት በኋላ ታዴ ብሎ የጠራኝ ማንም አልነበረም። የቀረውን አምስት ገጽ ጨረስኩለት። አሁን ገብቶሃል ወይ፣ ከገባህ በኋላ እምቢ ብትልም አልቀየምህም አልኩት። የምሬን ነበር። አሰግድ ብዕሩን አነሣና፣ እጁ የለመደውን መስመር ሠራ። እንደ ሥዕል። እኔም ከጎኑ ፈረምኩ።

የመጀመሪያው ክፍያ ከሰዓት በፊት ገባ። ቤዛ አሁን አንደኛ ዓመት ላይ ናት፤ በፕላስቲክ ጥርስ ላይ ስትለማመድ ትውላለች፣ እቤት ስትመጣ ደግሞ አፌን ክፈት እያለች ታስቸግረኛለች።

እንግዲህ ምን ተለወጠ? ታረቃችሁ ወይ ትሉኝ ይሆናል። እንደ ፊልም አልተቃቀፍንም። አምስት ዓመቴ አልተመለሰም፤ ልጄ ብቻዋን ራት የበላችባቸው ምሽቶችም አልተመለሱም። አሰግድም ያኔ ወደ አልበርታ ሲሄድ ሳይነግረኝ ነው የሄደው፤ ይህን ማንበብ አለመቻል አያመካኘውም። ግን የጥላቻዬ ምሰሶ ወደቀ። እያወቀ ነው የሚለው። እሱ ሲወድቅ ምን ያህል እዚያ ላይ ተደግፌ እንደኖርኩ አየሁ። ሰው ጥላቻውን ለመገንባት ማስረጃ አይፈልግም፤ ማስረጃውን አንድ ቀን ማንበብ ሲገደድ ነው የሚደነግጠው።

አሁን ለእናንተ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ወረቀት የምታስነብቡ፣ እለምናችኋለሁ፣ ተዉ። ልጁ እንግሊዝኛ ስለቻለ ብድር ይገባዋል ማለት አይደለም። አልገባኝም ብሎ ማፈር እንዳይኖርበት አድርጉ፤ ካልሆነ ያው ነው ይላችኋል፣ ዕዳውን እናንተ በገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ እሱ ግን እንዴት እንደሚከፍለው አታዩትም። ልጄ ሰባት ዓመት ከፍላለች።

ስለ ብድሩ ጣሪያም አንድ ነገር ልበል፤ ፖለቲካ አላውቅም። ወሰን መኖሩ ክፉ አይደለም፤ ሰው ከማይወጣው ዕዳ ያድነዋል ይላሉ፣ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ወሰኑ ከትምህርቱ ዋጋ በታች ሲቆም ክፍተቱን የሚሞላው ከኋላ የቆመ ሰው ነው። አንድ ልጅ አባቱ ሐኪም ከሆነ ክፍተቱን ሳያየው ይሻገረዋል። የእኔ ልጅ የተሻገረችው አባቷ የሚጠላው ሰው ሁለት መኪና ስለነበረው ነው። ያም ባይኖርስ? ተራ ትጠብቅ የነበረችውን ሌላ ልጅ አንዳንዴ አስባታለሁ። ከኋላዋ ማን እንደቆመ አላውቅም።

ይህን ጽሑፍ እንዲታተም ከመስጠቴ በፊት አንድ እሑድ ሬክስዴል ሄጄ ለአሰግድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። አንድም መስመር አልዘለልኩም፤ የረገምኩበትንም፣ የመነጽሩንም።

«አውጣው፤ ስሜን ግን ቀይረው» አለኝ ሲያልቅ።

ቀይሬዋለሁ።